የአናቶሚ ቃላትን ያለ ሽምደዳ እንዴት እንማር?

አናቶሚ የጀመረ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚያማርረው በቃላቱ ነው። ብዛታቸው ያስፈራል፤ ርዝመታቸው ምላስ ያስራል። ብዙ ሰው ታዲያ ደብተሩን ይዞ ከላይ እስከ ታች ይሸመድዳል። ፈተናው ሲያልፍ ቃላቱም አብረው ይሄዳሉ።

ይህን ድካም መቀነስ ይቻላል። አብዛኞቹ የአናቶሚ ስሞች መግለጫዎች ናቸው። አካሉ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚመስል፣ ከምን ጋር እንደተያያዘ፣ ምን እንደሚሠራ በስሙ ውስጥ ተጽፏል። ማንበብ የቻለ ሰው ብዙ መሸምደድ አያስፈልገውም። ማንበቡን ለመልመድ ግን ቅደም ተከተል መያዝ ግድ ነው። ለጤና ተማሪ፣ ለስፖርት አሠልጣኝ፣ የራሱን የምርመራ ውጤት ገልጦ መረዳት ለሚፈልግ ሰውም ቅደም ተከተሉ አንድ ነው።

1. መጀመሪያ ቁሙ

እውነቴን ነው፤ ተነሡና ቁሙ። እግራችሁን ገጥማችሁ ፊት ለፊት ተመልከቱ። እጆቻችሁን በጎንና በጎን አውርዱ። አሁን መዳፋችሁን ወደ ፊት አዙሩት። አውራ ጣታችሁ ወደ ውጭ ይሆናል። ትንሽ አይመችም። ቢሆንም የአናቶሚ ቋንቋ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ አቋም ነው። አናቶሚካል ፖዚሽን ይባላል።

ለምን አስፈለገ? ሰው ይተኛል፣ ይቀመጣል፣ እጁን ያነሳል። እጁን ሽቅብ ባነሳ ሰው ላይ ክርኑ ከትከሻው በላይ ነው። ሲያወርደው ደግሞ በታች ይሆናል። ቦታው በየደቂቃው ስሙን ከቀየረ መግባባት አይቻልም። ስለዚህ ሰውየው በደረቱም ይተኛ፣ ተጠቅልሎም ይተኛ፣ ስለ አካሉ ስንናገር ሁልጊዜ በዚህ አቋም እንደቆመ እንቆጥራለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ቀኝና ግራ ሲባል የታካሚው ቀኝና ግራ ነው፤ የተመልካቹ አይደለም። የደረት ራጅ ስታዩ ሰውየው ፊቱን ወደ እናንተ እንዳዞረ ቁጠሩ። በምስሉ ግራ በኩል ያለው የእሱ ቀኝ ነው። በሲቲ ስካን አግድም የተቆረጠ ምስልም እንዲሁ ነው፤ የሚታየው ከታካሚው እግር በኩል ቆሞ ወደ ራሱ እንደሚመለከት ሰው ነው። ይህን ማምታታት ቀላል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚቆረጠው ጎን ቆዳው ላይ በብዕር ምልክት የሚደረግበት ከዚህ የተነሳ ነው።

2. አቅጣጫዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ያዙ

የአቅጣጫ ቃላት ለብቻቸው አይጠኑም። ሁሉም ተቃራኒ አላቸው። እጃችሁን ሰውነታችሁ ላይ እያደረጋችሁ ድምፅ አውጥታችሁ በሏቸው።

አንቲሪየር ወደ ፊት፣ ፖስቲሪየር ወደ ኋላ። ደረት አንቲሪየር ነው፤ ማጅራት ፖስቲሪየር ነው። በአንዳንድ ቦታ ቬንትራል እና ዶርሳል የሚሉትን ታገኛላችሁ፤ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ግንዱ ላይ (ደረት፣ ሆድና ጀርባ) ትርጉማቸው ከነዚሁ ጋር ይገጥማል።

ሱፒሪየር ወደ ራስ፣ ኢንፊሪየር ወደ እግር። ልብ ከጉበት ሱፒሪየር ነው።

ሚዲያል ወደ መሐል መስመር፣ ላተራል ከመሐል ወደ ጎን። መሐል መስመር ማለት ከግንባር በአፍንጫና በእምብርት በኩል ቀጥ ብሎ የሚወርደው ነው። ዓይን ከጆሮ ሚዲያል ነው፤ ከአፍንጫ ግን ላተራል ነው። አንዱ አካል ሁለቱንም ሊሆን እንደሚችል ልብ በሉ። "ዓይን ላተራል ነው" ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከምን አንጻር? ይህን ጥያቄ ካልመለሳችሁ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ጀማሪዎች አብዝተው የሚስቱት እዚህ ጋ ነው።

ፕሮክሲማል እና ዲስታል በዋናነት ለእጅና ለእግር ናቸው። ፕሮክሲማል ወደ ግንዱ የቀረበ፣ ዲስታል ከግንዱ የራቀ። ክርን ከትከሻ ዲስታል ነው፤ ከእጅ አንጓ ፕሮክሲማል ነው። ለደም ሥርና ለአንጀትም ያገለግላሉ፤ ያኔ የሚለካው ከመነሻው ነው።

ሱፐርፊሺያል ወደ ቆዳ የቀረበ፣ ዲፕ ወደ ውስጥ የጠለቀ። በቃ፣ ይህኛው ችግር የለውም።

እጅና እግር ላይ ትንሽ ለየት ያሉ ቃላት አሉ። የእጅ መዳፍ በኩል ፓልማር፣ አይበሉባው በኩል ዶርሳል ይባላል። ውስጥ እግር ፕላንታር ነው። ግራ የሚያጋባው የእግር የላይኛው ገጽ ነው፤ እሱም ዶርሳል ነው የሚባለው። ወደ ላይ እያየ እንዴት የጀርባ ስም ተሰጠው? መልሱ ከጽንስ ይጀምራል። እጅና እግር ሲያድጉ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። እጅ ወደ ውጭ፣ እግር ወደ ውስጥ። ክርናችን ወደ ኋላ፣ ጉልበታችን ወደ ፊት የሚያየው ለዚህ ነው። የክንድ የፊት ጡንቻ ክርንን ሲያጥፍ የታፋ የፊት ጡንቻ ግን ጉልበትን የሚዘረጋውም ለዚህ ነው። ይህን አንዴ ከተረዳችሁ የእግር ጡንቻዎችን ስትማሩ ብዙ ጣጣ ይቀርላችኋል።

3. "እጅ" እና "እግር" ማለትን አቁሙ

በዕለት ንግግር "እጁን ተሰበረ" እንላለን። ትከሻው ሥር ይሁን ጣቱ አይታወቅም። በአናቶሚ ይህ አይበቃም። ከትከሻ እስከ ክርን አንድ ክፍል ነው፤ አጥንቱ አንድ ብቻ ነው፣ ሂዩመረስ። ከክርን እስከ አንጓ ሌላ ክፍል ነው፤ ሁለት አጥንት አለው። በአውራ ጣት በኩል ያለው ሬዲየስ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና። እግርም እንደዚሁ ነው። ታፋ ላይ አንድ አጥንት፣ ፊመር። ከጉልበት በታች ሁለት፤ በውስጥ በኩል ወፍራሙ ቲቢያ፣ በውጭ በኩል ቀጭኑ ፊቡላ። የጉልበት ሎሚው ፓቴላ ነው።

የአዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው ይባላል። ሁሉንም መጀመሪያ ላይ አትንኩ። ከላይ ያሉትን ያዙና ስካፑላን (የትከሻ ጀርባው ጠፍጣፋ አጥንት)፣ ክላቪክልን (ከአንገት ሥር ያለው አግዳሚ)፣ ስተርነምን (የደረት መሐል አጥንት) እና የዳሌ አጥንትን ጨምሩ። እነዚህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። በአቅራቢያቸው ካለ ጡንቻ፣ ደም ሥርና ነርቭ ብዙው ስሙን የሚዋሰው ከነሱ ነው። ፊመርን ያወቀ ሰው ፌሞራል አርተሪ (ደም ቅዳ)፣ ፌሞራል ነርቭ፣ ባይሴፕስ ፌሞሪስ ሲባል ቢያንስ የት አካባቢ እንደሆነ ያውቃል።

አከርካሪ ላይ ደግሞ ፊደልና ቁጥር ይበቃል። አንገት ላይ 7 (ሲ)፣ ደረት ላይ 12 (ቲ)፣ ወገብ ላይ 5 (ኤል)። የኤምአርአይ ውጤት ላይ "ኤል 4 እና ኤል 5" የሚል ካያችሁ የወገብ አራተኛና አምስተኛ አንጓ ማለት ነው። የአንገት ነርቮች ግን 8 ጥንድ ናቸው፤ አጥንቱ 7 ስለሆነ ስህተት እንዳይመስላችሁ።

4. የተቆረጠበትን አቅጣጫ እወቁ

ይህ ክፍል አጭር ነው። ሰውነትን ግራና ቀኝ የሚከፍል ቁርጥ ሳጂታል ይባላል። ፊትና ኋላ የሚከፍል ኮሮናል ነው። ላይና ታች የሚከፍል ትራንስቨርስ ነው፤ በምስል ክፍል አክሲያል ይሉታል። አንድ ምስል ፊታችሁ ሲቀመጥ አካሉን ከመፈለጋችሁ በፊት "ይህ የቱ ቁርጥ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ሌላው ይቀላል።

5. እንቅስቃሴውን በራሳችሁ አካል ሥሩት

ፍሌክሽን ማጠፍ፣ ኤክስቴንሽን መዘርጋት ነው። ክርናችሁን እጠፉ፤ ፍሌክሽን ነው። ጉልበታችሁን እጠፉ፤ እግራችሁ ወደ ኋላ ቢሄድም ይህም ፍሌክሽን ነው። ቃሉ የሚከተለው የመገጣጠሚያውን መታጠፍ ነው።

እጃችሁን ከጎናችሁ ወደ ውጭ አንሱ። አብዳክሽን ይባላል። መልሳችሁ ወደ ጎናችሁ አምጡ። አዳክሽን ይባላል። ሁለቱ ድምፃቸው በጣም ስለሚቀራረብ በችኮላ ሲነገሩ ይምታታሉ። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች "ኤ-ቢ-ዳክሽን" እና "ኤ-ዲ-ዳክሽን" እያሉ ፊደሉን ለይተው ይጠራሉ። እናንተም ከመጀመሪያው እንዲህ ልመዱ።

አሁን ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጣብቃችሁ እጠፉት። መዳፋችሁን ወደ ላይ አዙሩ፤ ሱፒኔሽን። ወደ ታች ገልብጡ፤ ፕሮኔሽን። በሌላኛው እጃችሁ ክንዱን ይዛችሁ ደጋግሙት። መዳፉ ሲገለበጥ ሬዲየስ አልናን ተሻግሮ ሲያቋርጠው ይሰማችኋል። አንጓ አካባቢ "ሚዲያል" እና "ላተራል" ከማለት ይልቅ "አልናር" እና "ራዲያል" ማለት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። እጁ የቱንም ያህል ቢገለባበጥ የአውራ ጣቱ ወገን ያው የአውራ ጣቱ ወገን ነው።

6. ረጅሙን ቃል ከመጨረሻው ጀምራችሁ ፍቱት

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ክፍል ይህ ነው። የሕክምና ቃላት በአብዛኛው ከግሪክና ከላቲን የመጡ ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የተሠሩ ናቸው። መጨረሻው ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። መሐሉ የቱ አካል እንደሆነ ይነግራችኋል። መጀመሪያው የት ወይም እንዴት እንደሆነ ይነግራችኋል።

ከመጨረሻው እንነሳ። "አይቲስ" ብግነት ነው፣ ማለትም የአካሉ መቆጣት። "ኤክቶሚ" ቆርጦ ማውጣት ነው። "ኦቶሚ" መቁረጥ ወይም መክፈት ብቻ ነው። "ኦስቶሚ" ቀዳዳ ከፍቶ መተው ነው። "ስኮፒ" በመሣሪያ ማየት፣ "ሜጋሊ" ማበጥ ወይም መተለቅ፣ "አልጂያ" ሕመም ነው።

አሁን አካሎቹን አስገቡ። "ጋስትር" ጨጓራ፣ "ሄፓት" ጉበት፣ "ኔፍር" ኩላሊት፣ "ካርዲ" ልብ፣ "ኦስቲዮ" አጥንት፣ "አርትር" መገጣጠሚያ፣ "ማዮ" ጡንቻ፣ "ኒውሮ" ነርቭ። ጋስትራይቲስ የጨጓራ ብግነት ነው። ጋስትሬክቶሚ ጨጓራን በከፊል ወይም በሙሉ ማውጣት ነው። ጋስትሮስኮፒ ጨጓራን በመሣሪያ ማየት ነው። ሄፓቶሜጋሊ ጉበት መተለቁ ነው። አንድ ሥር ሦስት አራት ቃል ይሰጣችኋል።

ትንሽ ከበድ ያለ እንሞክር፤ ኮሌሲስቴክቶሚ። መጨረሻው "ኤክቶሚ" ነው፤ የሚወጣ ነገር አለ። "ሲስት" ከረጢት ወይም ፊኛ ነው። "ኮሌ" ሐሞት ነው። የሐሞት ከረጢትን ማውጣት! "ሲስታይቲስ" ሲባል ደግሞ "ኮሌ" ስለሌለ የሽንት ፊኛ ብግነት ነው።

ቅድመ ቅጥያዎቹም ይኸው ናቸው። "ፔሪ" ዙሪያ፣ "ኢንዶ" ውስጥ፣ "ሰብ" ከሥር፣ "ሱፕራ" ከላይ፣ "ኢንተር" በመካከል። ከልብ ጋር የተያያዙ ሦስት ስሞችን ተመልከቱ። ፔሪካርዲየም በዙሪያው ያለው ሽፋን፣ ማዮካርዲየም ጡንቻው፣ ኢንዶካርዲየም የውስጡ ሽፋን። "ታኪ" ፈጣን፣ "ብራዲ" ዘገምተኛ ነው። ያረፈ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ100 በላይ ሲመታ ታኪካርዲያ፣ ከ60 በታች ሲመታ ብራዲካርዲያ ይባላል።

ለአንድ አካል ሁለት ሥር ስታገኙ አትደናገጡ። ኩላሊት በግሪኩ "ኔፍር"፣ በላቲኑ "ሪናል" ነው። ሳንባ "ፕኒውሞ" እና "ፐልሞናሪ" ነው። ባብዛኛው አካሉን የሚገልጸው ቅጽል ከላቲን፣ የበሽታውና የቀዶ ሕክምናው ስም ከግሪክ ይመጣል። ስለዚህ ሪናል አርተሪ ይባላል፤ በሽታው ግን ኔፍራይቲስ ነው።

7. ጡንቻና ደም ሥርን እንደ ዓረፍተ ነገር አንብቡ

የጡንቻ ስም ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ሁሉንም ይናገራልና። "ኤክስቴንሰር ካርፒ ራዲያሊስ ሎንገስ" የሚለውን አስፈሪ ስም ውሰዱ። ኤክስቴንሰር፦ የሚዘረጋ። ካርፒ፦ አንጓን። ራዲያሊስ፦ በሬዲየስ በኩል ያለ። ሎንገስ፦ ረጅሙ። ረጅሙ ካለ አጭሩም አለ ማለት ነው፤ እሱ ብሬቪስ ይባላል። በመዳፍ በኩል ደግሞ ፍሌክሰር ካርፒ ራዲያሊስ አለ። ሥራውን ሳትማሩ ከስሙ አወቃችሁት።

ቁጥርም ይጠቅማል። ባይሴፕስ ባለ ሁለት ራስ፣ ትራይሴፕስ ባለ ሦስት፣ ኳድሪሴፕስ ባለ አራት። ባይሴፕስ የሚባል ጡንቻ ታፋ ላይም ስላለ "ባይሴፕስ ብራኪ" (የላይኛው ክንድ) እና "ባይሴፕስ ፌሞሪስ" (የታፋ) ተብለው ይለያሉ። መነሻና መድረሻውን የሚናገርም አለ። ስተርኖክላይዶማስቶይድ ከስተርነምና ከክላቪክል ተነስቶ ከጆሮ ጀርባ ያለው ማስቶይድ ላይ ይጣበቃል። መስታወት ፊት ቆማችሁ ራሳችሁን ወደ ግራ አዙሩ። አንገታችሁ ላይ በቀኝ በኩል እንደ ገመድ የሚወጣው እሱ ነው።

ደም ቅዳዎች ደግሞ እየሄዱ ስማቸውን ይቀይራሉ። ወደ እጅ የሚሄደው ደም ቅዳ በክላቪክል ሥር ሲያልፍ ሰብክላቪያን ነው። የመጀመሪያውን የጎድን አጥንት ሲያልፍ ብብት ገብቶ አክሲላሪ ይባላል። ላይኛው ክንድ ላይ ብራኪያል ይሆናል፤ የደም ግፊት የሚለካው እሱ ላይ ነው። ክርን አካባቢ ለሁለት ይከፈልና ራዲያል እና አልናር ይሆናል። ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ በአውራ ጣቱ ወገን አድርጉ። የምትሰሙት ትርታ የራዲያል አርተሪ ነው። እግር ላይም ፌሞራል ታፋ ላይ፣ ፖፕሊቲያል ቋንጃ ላይ ነው። ቧንቧው አንድ ነው፤ ስሙ ያለበትን ሰፈር ይነግራችኋል።

8. ወጥመዶቹን ለብቻ ጻፏቸው

አንዳንድ ቃላት በጽሑፋችን አንድ ሆነው ይገኛሉ። ኢሊየም ከዳሌ አጥንቶች አንዱ ነው። ኢሊየም የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍልም ነው። በላቲን ፊደል አንድ ፊደል ይለያቸዋል፤ በእኛ ፊደል ግን አይለዩም። ስለዚህ ማስታወሻ ስትይዙ "ኢሊየም አጥንት"፣ "ኢሊየም አንጀት" ብላችሁ ጻፉ።

"ማዮ" ጡንቻ ነው፤ "ማየሎ" መቅኒ ወይም ሕብለ ሰረሰር ነው። "አርትሮ" መገጣጠሚያ፣ "አርቴሪዮ" ደም ቅዳ ነው። "ሃይፐር" ከልክ በላይ፣ "ሃይፖ" ከልክ በታች ነው፤ እነዚህን ማምታታት ለታካሚ አደገኛ ነው።

በፊቡላ በኩል ያሉ ጡንቻዎች ቀድሞ ፐሮኒያል ይባሉ ነበር። ቃሉ ከፐሪኒያል ጋር ይምታታል፤ ያ ደግሞ በሁለቱ ጭኖች መካከል ያለው አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዓለም አቀፍ የስያሜ ዝርዝር ለጡንቻዎቹ ፊቡላር የሚለውን አስቀድሟል። ስያሜን በአንድ ማድረግ የቆየ ጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ ላይ አናቶሚስቶች ተስማምተው ዝርዝር ያወጡት አንድን አካል በብዙ ስም መጥራት ስላስቸገረ ነበር። በሰው የተሰየሙ ስሞችም ዛሬ በገላጭ ስም እየተተኩ ነው። ፋሎፒያን ቲዩብ ስሙን ያገኘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ጣሊያናዊ ጋብሪኤሌ ፋሎፒዮ ነው፤ ገላጭ ስሙ ዩተራይን ቲዩብ ነው። ሁለቱንም እወቁ፤ ክሊኒክ ውስጥ አሮጌው ስም አሁንም በስፋት ይነገራል።

9. ሆድን ከፋፍላችሁ ተለማመዱ

እምብርት ላይ አንድ ቁመት፣ አንድ አግድም መስመር በሐሳባችሁ አስምሩ። አራት ክፍል ወጣ። ቀኝ ላይኛው ላይ አብዛኛው ጉበትና የሐሞት ከረጢት አለ። ቀኝ ታችኛው ላይ ትርፍ አንጀት፣ ግራ ላይኛው ላይ ጣፊያና አብዛኛው ጨጓራ። ጠለቅ ማለት የፈለገ ሆድን ለዘጠኝ ይከፍላል። እዚያም ስሞቹ ራሳቸውን ያነባሉ። ኤፒጋስትሪክ ከጨጓራ በላይ፣ ሃይፖጋስትሪክ ከጨጓራ በታች ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ጓደኛ ፈልጉና ይህን ሥሩ። አካላችሁ ላይ አንድ ነጥብ በልባችሁ ምረጡ። ሳትጠቁሙ በቃል ብቻ ግለጹለት። ለምሳሌ፦ "በቀኝ እጅ፣ ክንዱ ላይ በአንቲሪየር ገጹ፣ ከአንጓው ትንሽ ፕሮክሲማል፣ በራዲያል ወገን።" እሱ የሰው ምስል ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርግ። ነጥቡ ከቦታው ከራቀ ዓረፍተ ነገራችሁን መልሳችሁ ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ የጎደለው ወይ ቀኝና ግራው ነው፣ ወይ "ከምን አንጻር" የሚለው ነው። አስተካክላችሁ ድገሙት፤ ከዚያ ተራ ተቀያየሩ።